ለእሳቸው የተላከው ምስል

ዘርፈሽ ቀነአ ከሥራዋ የተባረረችው ባላደረገችው ነገር ነው። የስንብት ደብዳቤዋ «የተረጂዎችን ምስጢራዊ መረጃ ለሌሎች ወገኖች አከፋፍላለች» ይላል። አላከፋፈለችም። አንድ ምስል ለአንድ ሰው ላከች፤ ሰውየው አለቃዋ ነበር፤ እንድትልክለት ያዘዛትም እሱ ራሱ ነው። እሷ በላከችው ምስል ላይ የተረጂዎቹ ስም፣ ስልክ ቁጥርና የመኖሪያ ቦታ በጥቁር ተሸፍኖ ነበር። በየሰዉ ስልክ ሲዞር የተገኘው ምስል መሸፈኛው የተነሣለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለማየት አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ያንን አንድ ደቂቃ የሰጣት ሰው አልተገኘም።

ዘርፈሽ የወለጋ ሲሬ ልጅ ናት። አባቷ ቀነአ በሲሬ መቆሚያ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችን ስም ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መዝገቡን ይዛለት ትቆም ነበር። ስም አጣምሞ የጻፈ መዝጋቢ ሰውን መንገድ ላይ እንደሚያስቀር ያኔ አየች፤ ነቀምት መጥታ በኮምፒውተር ዲፕሎማ ከያዘች በኋላም፣ በመናኸሪያው አጠገብ በአንድ ጽሕፈት ቤት ስድስት ዓመት ማመልከቻ ስትተይብ፣ የባለጉዳዩን ስም እስከ አያት ድረስ ጮክ ብላ ሳታነብለት ወረቀት አታትምም ነበር። በ2013 ዓ.ም. ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለነቀምት ቅርንጫፉ የመረጃ ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራት። ሥራው በጊዳ አያና ከቀያቸው ተፈናቅለው የተመለሱ ቤተሰቦችን መመዝገብ ነበር፤ ማን እንደ ተመለሰ፣ የማን ቤት ጣሪያ እንደሌለው፣ የትኛዋ እናት ልጆቿን ብቻዋን እንደምታሳድግ። በሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ላይ «ብቻዋን» የሚል ቃል አለ። ዘርፈሽ ያቺን ቃል በምትጽፍበት ጊዜ ሁሉ ምን እየጻፈች እንደሆነ ታውቅ ነበር። ሰላም ገና ባልረጋበት አገር፣ የትኛው ቤት ወንድ እንደሌለው የሚናገር ወረቀት ተራ ወረቀት አይደለም።

በጊዳ አያናው የምዝገባ ጣቢያ ኔትወርኩ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቅ ይላል እንጂ የድርጅቱን የመረጃ ገጽ ለመክፈት አቅም የለውም። ምስል ግን፣ አነስ ካለ፣ ያልፋል። ስለዚህ ዘርፈሽ አንድ አሠራር ዘረጋች። የአያናዋ መዝጋቢ በአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ጥያቄ ሲኖራት ትደውላለች፤ ዘርፈሽ ገጹን በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ስክሪንሾት ታነሣለች፤ ምስሉንም በዚያው ኮምፒውተር ላይ በተጫነ የምስል መተግበሪያ ታሰናዳዋለች። የሚጠየቅበትን ረድፍ በቀይ መስመር ትከባለች፤ ሌላውን ሁሉ በጥቁር ትሸፍናለች፤ ከዚያ ኤክስፖርት አድርጋ በቢሮው ቴሌግራም ትልካለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት፤ ክሱ በሙሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእሱ ነውና። መተግበሪያው ሁለት ፋይል ያስቀምጣል። አንደኛው መነሻው ነው፤ በመነሻው ላይ ጥቁሩ መሸፈኛ ከምስሉ በላይ እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠ ሰው በአንድ ጠቅታ ገልጦ ያነሣዋል። ሁለተኛው ኤክስፖርት የተደረገው ነው፤ በእሱ ላይ ጥቁሩ ከምስሉ ጋር አንድ ሆኗል፤ ማንም፣ በየትኛውም ስልክ፣ ከሥሩ ያለውን ሊያይ አይችልም። ዘርፈሽ ከቢሮ የምታወጣው ሁልጊዜ ሁለተኛውን ብቻ ነበር። ከዚህም ሌላ አንድ ደንብ ነበራት፤ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው፦ የተመዝጋቢ መረጃ በግል ስልክ አይወጣም። የራሷን ስልክ በዚያ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቀን እንኳ ሰክታ አታውቅም።

የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ዮሚፍ «አዴ»፣ እትዬ እንደ ማለት ነው፣ እያለ ይቀልድባት ነበር።

«አዴ ዘርፈሽ፣ ይህ ሰንጠረዥ ለቅሶ ላይ ነው እንዴ? ጥቁር በጥቁር አደረግሽው እኮ።»

«ለቅሶ እንዳይመጣ ነው አስቀድሜ የማለብሰው» ትለዋለች።

የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ዘርፈሽ፣ ዮሚፍና የቅርንጫፉ ኃላፊ ሕብረት። ሕብረት ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። ነቀምት ስድስት ዓመት ተቀምጧል፤ የቢሮው ሰው «ኦቦ ሕብረት»፣ አቶ ሕብረት እንደ ማለት፣ እያለ ነው የሚጠራው። ኦሮምኛ አይጽፍም፤ ይሰማል፣ ይናገራልም። ቅዳሜ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ተከራክሮ የዶሮ ዋጋ ያስቀነሰ እንደሆነ ሰኞ ጧት ለቢሮው ሁሉ የሻጯን ድምፅ እያስመሰለ ይተርካል። ይህ በልብ መያዝ ያለበት ነገር ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሕብረት በቴሌግራም ጻፈላት፦ «ሐሙስ የአጋር ድርጅቶች ስብሰባ አለ። የአያናን ምዝገባ ገጽ ስክሪንሾት አድርገሽ ላኪልኝ።» ዘርፈሽ አርባ አራት ቤተሰቦች ያሉበትን ገጽ አነሣች፤ ከቤተሰቦቹ አሥራ ሰባቱ «ብቻዋን» የሚል የተጻፈባቸው ነበሩ። ስሙን፣ ስልኩን፣ ቀበሌውንና የመጨረሻውን ዓምድ ሸፈነች፤ የምዝገባው ቀንና ድምሩ እንዲታይ ተወች፤ ድምሩን በቀይ ከበበች፤ ላከችለት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከቢሮው ወጥቶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ።

«ዘርፈሽ፣ የላክሽልኝ ሰንጠረዥ ነው ወይስ የከሰል ጆንያ?»

«ስሞቹን ሸፍኜ ነው፣ ኦቦ ሕብረት። ብዛቱና ቀኑ ይታያል።»

«እንግዶች ፊት እኮ ነው የማቀርበው። ሥራችን ይታይልን እንጂ!»

«ሥራችንማ ይታያል። የማይታዩት ሰዎቹ ናቸው።»

«እሺ፣ እሺ፣ ማሎ! ከአንቺ ጋር ማን ይከራከራል» ብሎ ሳቀ። ማሎ ማለቱ እባክሽ ማለቱ ነው። በሩ ጋ ሳይደርስ ሳቁ ቆመ። ዘርፈሽ ይህን አስተዋለች፤ ነገር ግን አንድ ሰው መሳቅ ስላቆመ ብቻ ምን ሊባል ይችላል?

ረቡዕ ጧት የተመዝጋቢዎችን ስም እንደገና ለማጣራት ወደ ሲሬ ሄደች፤ ሐሙስንም እዚያው ዋለች። የስብሰባው ቀን ቢሮ አልነበረችም። ዓርብ፣ ኅዳር 6፣ ከጠረጴዛዋ ሳትደላደል ስልኳ ጮኸ። የአያና ጣቢያዋ መዝጋቢ የሺአረግ ነበረች። የሺአረግ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና ከሰፈሩ ቤተሰቦች የተወለደች ናት። በአራት ዓመት ውስጥ ከዘርፈሽ ጋር በአካል የተገናኙት አምስት ጊዜ ብቻ ቢሆንም ሳይደዋወሉ የዋሉበት የሥራ ቀን አልነበረም።

«ዘርፌ፣ የት ነሽ?»

«ቢሮ። ነጋ ቡልቴ፣ የሺ?»

«ሰላምታውን ተይው፣ እታለም። ዝርዝሩ ወጥቷል።»

«የምን ዝርዝር?»

«የእኛው ነዋ! አርባ አራቱም። በሰው ስልክ ላይ ነው ያለው፤ ከስም እስከ ስልክ ቁጥር። ረድፍ ሃያ ሦስትን ታስታውሻታለሽ?»

«ሸዋጌጥን። ሦስት ልጆች።»

«ዛሬ ጧት አንድ የማታውቀው ሰው ደወለላት። ‹ባልሽ እስካሁን አልተመለሰም አይደል?› አላት። ሌላ ምንም አላለም፤ ዘጋው። ልጆቿን ይዛ ወደ ኡኬ ከተማ ሄዳለች፤ በሯን እንኳ በወጉ አልዘጋችም።»

«ሰዉ ምን ይላል?»

«ምን ይላል ትይኛለሽ? ‹ያቺ የነቀምቷ ሸጠችን› ይላል። እኔን ደግሞ ‹አንቺ ነሽ ያስጻፍሽን› ብለው ደጄ ላይ ቆመዋል።»

«አንቺስ? አንቺ ምን ትያለሽ?»

ዘርፈሽ መስመሩ የተቆረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው። አልተቆረጠም፤ ሰከንዱ ይቆጥራል።

«ምስሉን ልኬልሻለሁ» አለች የሺአረግ በመጨረሻ። «እይውና አንቺው ንገሪኝ።»

አየችው። ጥቁር አልነበረበትም። ቀይም አልነበረበትም። ሌላ ሰው አዲስ ያነሣው ምስል ይሆናል እንዳትል ደግሞ፣ በረድፍ ሠላሳ አንድ ላይ የመዳፊቱ ቀስት ቆማለች፤ ሰኞ ዕለት ስክሪንሾቱን ስታነሣ ቀስቷን ከገጹ ማራቅ ረስታ ነበር። በሷ መነሻ ፋይል ላይ ያለችው ቀስት፣ በዚያው ረድፍ፣ በዚያው ፊደል ላይ። ይህ ምስል እሷ ከላከችው ሊወጣ አይችልም። ሊወጣ የሚችለው እዚህ ክፍል ውስጥ፣ እዚህ ኮምፒውተር ላይ፣ መሸፈኛውን በእጁ ከገለጠ ሰው ብቻ ነው።

ፎልደሩን ከፈተች። ሰኞ ኤክስፖርት ካደረገችው ፋይል አጠገብ ሌላ ፋይል ተቀምጧል፤ ስሙ ያው ሆኖ መተግበሪያው ከኋላው «2» ጨምሮበታል። የተሠራበት ጊዜ ረቡዕ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ይላል። በዚያ ሰዓት ዘርፈሽ ሲሬ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበረች፤ የሰማንያ ሰው ፊርማ ያለበት የማጣሪያ ወረቀት ይመሰክራል። የፎልደሩን ገጽ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋ፣ ስክሪንሾት አነሣች። ኤክስፖርት አድርጋ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠችው። ስልኳ ከእጇ አጠገብ ነበር። አልሰካችውም፤ ደንቡ ግድግዳው ላይ ነበረና።

ቀጥላ ቴሌግራሙን ከፈተች። የሰኞው ትእዛዝ የለም። የላከችለት ምስልም የለም። ከላይ የቅዳሜው «እንዴት አደርሽ» አለ፤ ከታች የማክሰኞው የመኪና ጉዳይ አለ፤ መካከሉ ባዶ ነው። ከሁለቱም ወገን ተሰርዟል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለዘርፈሽ የገባት። ስሕተት የሠራ ሰው ይደነግጣል፣ ይጠይቃል፣ ይሯሯጣል። አስቀድሞ መልእክት የሚሰርዝ ሰው ግን ምን እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ዮሚፍን ብቻውን አገኘችው።

«ዮሚፍ፣ ረቡዕ ጧት እዚህ ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ?»

«እኔ ረቡዕ ኡኬ ነበርኩ፤ ሶላሩን ስጠግን።»

«የት ነበርክ አላልኩህም። ማን ተቀመጠ አልኩህ።»

«ሂን ቤኩ» አለ፤ አላውቅም ማለቱ ነው። ሲናገር ገመድ እየጠቀለለ ነበር፤ የተጠቀለለውንም ፈትቶ እንደገና መጠቅለል ጀመረ።

«ሐሙስ ፕሮጀክተሩን የሰካኸው አንተ ነህ። ግድግዳው ላይ የታየው ሰንጠረዥ ጥቁር ነበረው?»

ዮሚፍ ወደ በሩ አየ። «አዴ ዘርፈሽ፣ ማሎ…»

«ጥቁር ነበረው ወይ?»

«ንጹሕ ነበር» አለ በሹክሹክታ። «እንግዶቹም ወደዱት፤ ‹በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ልቀቁልን› ብለው ጠየቁ። ግን እኔ አልነገርኩሽም። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ እኔ አልነገርኩሽም።»

ንጹሕ። መሸፈኛ የሌለውን ምስል የጠራበት ቃል ይህ ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ ቢሮው ተለወጠ። ማንም በግልጽ የተናገራት የለም፤ ነገር ግን በአጠገባቸው ስታልፍ ስክሪናቸውን ማዞር ጀመሩ። የንብረት ክፍሏ ሊሊሴ፣ ጮክ ብሎ መሳቅ የምትወደው፣ «ዘርፈሽ መጣች፤ ስክሪንሾት እንዳታነሣችሁ ፊታችሁን ሸፍኑ!» አለች፤ ክፍሉ ሳቀ። ዘርፈሽም በበኩሏ እያንዳንዱን ሰው መመርመር ያዘች። ሊሊሴ የሳቀችው ስለማታውቅ ነው ወይስ ስለምታውቅ? የጥበቃው ሠራተኛ ቦርሳዋን የፈተሸው ማን አዞት ነው? ዮሚፍ ሰላም ሲላት ድምፁ ለምን ዝቅ አለ? ለአራት ዓመት የሰዎችን ስም ከዓይን ስትሸፍን የኖረች ሴት፣ አሁን የዓይን ሁሉ ማረፊያ ሆነች።

በዚያው ሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ሕብረት ጠርቶ የጽሑፍ ማብራሪያ እንድትሰጥ አዘዛት።

«በኦሮምኛ ጻፊው» አላት፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «በልብሽ ቋንቋ ይሁን። ለዋናው መሥሪያ ቤት ይተረጎማል።»

ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ደብዳቤ በአራት ዓመት ውስጥ በአማርኛ እንጂ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ አያውቅም። ይህ ደግነት ለምን ዛሬ መጣ? ዘርፈሽ ጠርጥራለች፤ ነገር ግን ጥርጣሬ በደከመ ሰው ላይ ኃይል የለውም፤ በኦሮምኛ መጻፍም በእርግጥ ይቀላት ነበር። አንድ ገጽ ተኩል ጻፈች። ሕብረትን በጽሑፍ መክሰስ አልፈለገችም፤ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ነበር የፈለገችው። ትእዛዙን፣ ምስሉን፣ መሸፈኛውን፣ የረቡዑን ፋይል ዘርዝራ፣ ስለ ሰኞው ድርጊቷ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አስቀመጠች፦ «ሱራ ሰነ ኢሳኒፍ ቆዴራ።»

ዓረፍተ ነገሩ አራት ቃል ነው። የወለጋ ሰው ታላቁን ወይም አለቃውን በነጠላ አይጠራም፤ ነውር ነው። «ኢሳን» ይላል፤ በአማርኛ «እሳቸው» እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ያው «ኢሳን» ብዙ ሰዎችንም ይጠራል፤ ያን ጊዜ «እነሱ» ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከፊትና ከኋላው ነው፤ ከፊቱ ደግሞ የሕብረት ስም ከነማዕረጉ ተጽፎ ነበር። «ቆዴራ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በድሮው አነጋገር አከፋፈልኩ፣ አካፈልኩ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ አንድን ምስል ለሌላ ሰው ሲልክ የሚጠቀምበት ቃል እሱ ነው፤ አማርኛው «አጋራሁ» እንደሚለው። ዘርፈሽ የጻፈችው «ያንን ምስል ለእሳቸው አጋርቻለሁ» የሚል ነበር።

አዲስ አበባ የደረሰው ትርጉም ግን «ያንን ምስል ለእነሱ አከፋፍያለሁ» ይላል። የተርጓሚ ስም የለበትም። ማኅተሙ የነቀምት ቅርንጫፍ ማኅተም ነው። ስለ ረቡዑ ፋይል የጻፈችው አንቀጽ በትርጉሙ ውስጥ አልተገኘም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው በቪዲዮ ሰማት። ስብሰባው የተካሄደው በሕብረት ቢሮ፣ በሕብረት ላፕቶፕ ነው፤ ሕብረት ራሱ «ታዛቢ» ተብሎ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ዮሚፍ ኔትወርኩን ለመጠበቅ በሚል በሩ አጠገብ ቆሟል። ከስክሪኑ ባሻገር ሦስት ሰዎች አሉ። ሰብሳቢዋ ጨዋ ድምፅ ያላት ሴት ነበረች።

«ወይዘሮ ዘርፈሽ፣ በማብራሪያዎ ላይ ምስሉን ለእነሱ አከፋፍያለሁ ብለዋል። እነሱ እነማን ናቸው?»

«ለእነሱ አላልኩም። ለእሳቸው ነው ያልኩት።»

«እዚህ የተጻፈው ለእነሱ ነው።»

«የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ አልጻፍኩም። ኢሳን ማለት እዚህ እሳቸው ማለት ነው። ኦቦ ሕብረትን ነው። በአክብሮት ነው የጻፍኩት።»

«አክብሮቱ ይቆየንና፤ አከፋፍያለሁ የሚለውንስ?»

«አጋርቻለሁ ነው! ለአንድ ሰው መላክ ነው። ኦቦ ሕብረት ኦሮምኛ ይሰማሉ፤ እዚሁ አሉ፤ ይጠየቁ።»

ሰብሳቢዋ ጠየቀችው። ሕብረት ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው» አለ። «በሕግ ጉዳይ ላይ አስተያየት ለመስጠት አልደፍርም።»

ከስክሪኑ ማዶ አንደኛው ሰው ፈገግ አለ። ትሑት መልስ ነበራ።

«ኮምፒውተሩ ይታይ» አለች ዘርፈሽ። «ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ የተሠራው ፋይል እዚያ አለ። የፎልደሩ ስክሪንሾትም አለ።»

«ኮምፒውተሩ በቫይረስ ምክንያት ኅዳር 10 ቀን ፎርማት ተደርጓል ተብሎ ሪፖርት ቀርቦልናል። ባለሙያው አለ?»

«አለሁ» አለ ዮሚፍ ከበሩ።

«ፎርማት ከማድረግህ በፊት እንዲህ ያለ ፋይል አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ኅዳር 5 ቀን በአጋር ድርጅቶች ስብሰባ ላይ የቀረበው ምስል የተሸፈነ ነበር ወይስ ያልተሸፈነ?»

ዘርፈሽ ዞራ አየችው። እሱ የኔትወርኩን መብራት ነበር የሚያየው። «አላስታውስም» አለ።

«ወይዘሮ ዘርፈሽ፣ የሚሉት ፋይል ሌላ ቅጂ አለዎት? በስልክዎ ላይ ለምሳሌ?»

«የለኝም። የተመዝጋቢ መረጃ በግል ስልክ ማውጣት ክልክል ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይህ እንዴት ወጣ?» አለች ሰብሳቢዋ፤ ጨዋነቷ ሳይጓደል።

ሊጀምር አምስት ቀን የቀረው የዓመት ዕረፍቷ ተሰረዘ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን ደብዳቤው ደረሳት። አንቀጽ ተጠቅሶበታል፣ ማኅተም አርፎበታል፣ «በራሷ የጽሑፍ የእምነት ቃል ላይ ተመሥርቶ» የሚል ሐረግ ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል። ሦስት ገጽ ይግባኝ ጻፈች፤ በዚህ ጊዜ በአማርኛ። የሁለቱን ምስሎች ልዩነት፣ የቀስቷን ቦታ፣ የሲሬውን የፊርማ ወረቀት፣ የሁለቱን ቃላት ትርጉም አንድ በአንድ አስረዳች። ከወር በኋላ የመጣው መልስ «አዲስ ፍሬ ነገር አላገኘንበትም» የሚል ነበር።

ከሥራዋ ይልቅ ስሟ ነበር የሚቆረቁራት። ሥራ ሌላ ይገኛል፤ አርባ አራት ቤተሰብ ግን በሷ እጅ ተጽፎ፣ በሷ እጅ እንደ ተሸጠ ያምናል። የሺአረግ ስልኳን ማንሣት ካቆመች ሰንብታለች። ስለዚህ በጥር መጨረሻ ዘርፈሽ አንድ ማክሰኞ በሚኒባስ ወደ ኡኬ ሄደች፤ ጠይቃ ጠይቃ ሸዋጌጥ የተጠጋችበትን ቤት አገኘች። ሸዋጌጥ በሩን ከፈት አድርጋ በክፍተቱ አየቻት፤ ከመከፈቱ በፊት ከውስጥ አንድ ከባድ ነገር ሲጎተት ይሰማ ነበር።

«ዘርፈሽ ነኝ። ከነቀምት።»

«አውቄሻለሁ። በድምፅሽ። በስልክ ስሜን እስከ አያት ያነበብሽልኝ።»

«የመጣሁት ዝርዝሩን እኔ እንዳላወጣሁት ልነግርሽ ነው። የሸፈንኩትን ሌላ ሰው ነው የገለጠው።»

«ማን?»

ዘርፈሽ ስሙን ተናገረች። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ «ኦቦ»፣ በነጠላ።

«ይህን ሰውዬ አላውቀውም» አለች ሸዋጌጥ። «አንቺን ነው የማውቀው። ስሜን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ብቻዋን ብሎስ ማን ጻፈ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ሌላ ምን ልጠይቅሽ?»

ክፋት አልነበረባትም፤ የምሯን ነበር የምትጠይቀው። ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች፤ ያ ከባድ ነገር ተመልሶ ሲጎተት ተሰማ።

ዛሬ ዘርፈሽ በመናኸሪያው አጠገብ፣ ድሮ በነበረችበት ጽሕፈት ቤት፣ የሰው ማመልከቻ ትተይባለች። ሕብረት በዚያው ቢሮ፣ በዚያው ወንበር ላይ አለ። ዮሚፍም አለ። ትርጉሙን ማን እንደ ሠራው የጠየቀ አካል የለም። ሸዋጌጥ ወደ አያና አልተመለሰችም። ምስሉ፣ ንጹሕ የተባለው፣ አርባ አራቱን ስም እንደያዘ አሁንም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። የስንብት ደብዳቤው አልተሻረም።